የአምስት ዋት ቃና

ገዳሪፍ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚሮጥበት ጉዳይ አለው። አንዱ ስልኩን ይሰካል፤ ሌላው የውኃ መሳቢያውን ያስነሣል፤ ባለሱቁ ማቀዝቀዣውን ያበራል። ሐበሾች በርከት ብለው ከሚኖሩባቸው የከተማዋ ሰፈሮች በአንዱ የሚኖሩት አንጋፋ ጊታሪስት ግን አይሮጡም። ከአልጋቸው ራስጌ ካለችው፣ ቁመቷ ከአንድ ክንድ ከማይበልጥ ጥቁር ሣጥን አጠገብ በርጩማቸውን ስበው ይቀመጣሉ፤ ማብሪያዋን ይጫኑና ይጠብቃሉ። ለሩብ ደቂቃ ያህል ሣጥኗ ዝም ትላለች። ከዚያ በስተጀርባዋ የፍም መልክ ያለው ብርሃን ይታያል፤ ቀጥሎም ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ ቀፎ ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። «ነቃች» ይላሉ አንጋፋው፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

ሣጥኗ የጊታር አምፕሊፋየር ናት፤ ፋብሪካዋ ፌንደር፣ ስሟ ቻምፕ፣ አገሯ አሜሪካ። ኃይሏ 5 ዋት ገደማ ብቻ ነው። በሠርግ ዳስ የሚደረደሩት ማጉያዎች በሺህ ዋት በሚቆጠሩበት በዛሬው ጊዜ ይህ ቁጥር ያስቃል። አንጋፋው ግን አርባ ዓመት ገደማ ከእርሷ ሌላ አልፈለጉም። ትልልቆቹን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በየመድረኩ ተጫውተውባቸዋል። የሚፈልጉት ቃና ያለው እዚህች ሣጥን ውስጥ መሆኑን አንድ ጊዜ ሰምተዋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራቸው ያንን ቃና ማውጣትና እንዳይጠፋ መጠበቅ ሆነ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

አንጋፋው ጎንደር ውስጥ በቀበሌ የኪነት ቡድን ጊታር ሲመቱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመተማና በገላባት በኩል ሱዳን የገቡ ሰው ናቸው። ገዳሪፍ ያን ጊዜም እንደ ዛሬው የማሽላና የሰሊጥ ከተማ ነበረች፤ ስደተኛም በየአቅጣጫው ይጎርፍባት ነበር። አንጋፋውም እንደ ብዙው ስደተኛ የሰሊጥ አጨዳ ገቡ። ሣጥኗን ያገኟት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከአስመራ በከሰላ በኩል ከመጣ ቤተሰብ ነው። ሻጩ እንደነገሯቸው ከሆነ መነሻዋ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር፣ ቃኘው ጣቢያ፣ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪዘጋ ድረስ በዙሪያው ባሉት ቡና ቤቶች የአስመራ ወጣቶች ሮክ ኤንድ ሮልና ሶል የሚባለውን ሙዚቃ ሰምተዋል፤ ተጫውተዋልም። ከወታደር እጅ ወደ ከተማ ልጅ እጅ የተላለፈ ዕቃ ብዙ ነው። የአንድ ሙሉ ወቅት የአጨዳ ክፍያቸው ለሣጥኗ ሄደ። አብረዋቸው የሚያጭዱት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲስቁባቸው ኖሩ፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት በግና አንድ ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር።

ውስጧ ሲከፈት ያለው ነገር ጥቂት መሆኑ ያስገርማል። ዋናዎቹ ሦስት ቫልቮች ናቸው። ቫልቭ የትራንዚስተር ታላቅ ወንድም ነው፤ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ብረት ይግላል፤ ከጋለው ብረት የሚለቀቁት ኤሌክትሮኖች በወንፊት መሰል ሽቦ መካከል አልፈው ወደ ሌላው ብረት ይሻገራሉ። ከጊታሩ የምትመጣው ደካማ ምልክት ያንን ወንፊት እንደ በር ጠባቂ እየከፈተችና እየዘጋች ታላቁን ጅረት ታዝዘዋለች። በቻምፕ ውስጥ 12ኤኤክስ7 የተባለው ትንሹ ቫልቭ ምልክቷን መጀመሪያ ያሳድጋታል፤ 6ቪ6 የተባለው ጉልበት ሰጥቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ይልካታል፤ 5ዋይ3 የተባለው ሦስተኛው ደግሞ ከግድግዳው የመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቀጥተኛ አድርጎ ሁለቱን ይመግባል። ስምንት ኢንች ስፋት ያለው አንድ ድምፅ ማጉያ ከፊት ለፊቷ አለ። ሌላው ዝርዝር ነው።

የቃናው ምሥጢር ያለው 6ቪ6 አቅሙ ሲያልቅ በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የድምፁን ማዕበል ጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ያህል ድንገት ይቆርጠዋል፤ ጆሮም ይህን እንደ ጭረት ይሰማዋል። ቫልቭ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚታጠፈው። እንደ ቻምፕ ኃይሉ በአንድ ቫልቭ ብቻ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የማዕበሉ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይታጠፋል፤ በዚህም ምክንያት ከዋናው ድምፅ በላይ ያለው ኦክታቭ አብሮ ይወለዳል። አንድ ክር ተመትቶ ሁለት ሰው የዘመረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ክሩ በኃይል ሲመታ ድምፁ ለቅጽበት ጎንበስ ይልና ተመልሶ ያብጣል። አንጋፋው ይህንን «ትንፋሽ መሳብ» ይሉታል። ዘፋኝ በቃል መካከል ትንፋሽ እንደሚስብ ማለታቸው ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ታዲያ ቫልቩ እስከ ጫፉ ሲሠራ ብቻ ነው። ባለ 100 ዋቱ ማጉያ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ እስከ ጫፉ አይደርስም፤ ከደረሰም በቤቱ ውስጥ የሚቀር ሰው የለም። ለጓሮ ጎመን በሬ እንደመጥመድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ 5 ዋት ማለት ከ50 ዋት አሥር እጥፍ ያነሰ ጩኸት ይመስለዋል። ጆሮ እንዲህ አይቆጥርም። ኃይል በአሥር እጥፍ ሲቀንስ ድምፅ የሚወርደው በ10 ዲሲቤል ነው፤ ጆሮም ይህን በግማሽ እንደቀነሰ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ የ5 ዋቷ ሣጥን ሙሉ ስትለቀቅ የ50 ዋቱን ግማሽ ያህል ትጮኻለች ማለት ነው። በሌሊት ጸጥታ ይህ ብዙ ነው። ጎረቤት ይሰማል፤ የጎረቤት ጎረቤትም ይሰማል።

ጎረቤት መስማቱ ደግሞ አንድ ሰሞን ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘው የኦማር አል በሽር መንግሥት ለሙዚቃ ፊቱ የጠቆረ ነበር። በኅዳር ወር 1994 እ.ኤ.አ. ታዋቂው ድምፃዊ ኾጃሊ ኡስማን ኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ማኅበር ቤት ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ፤ በዚያው ጥቃት ድምፃዊው አብደል ቃድር ሳሊምም ቆሰለ። የካርቱም የ1996ቱ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የሙዚቃ ግብዣዎች በፈቃድ ብቻ እንዲካሄዱ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓትም እንዳያልፉ አደረገ። እነዚህ ሕጎች የተሻሩት አል በሽር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ነው። ገዳሪፍ ካርቱም አይደለችም። ነገር ግን ወረቀቱ የሚያጠራጥር የውጭ አገር ሰው፣ ሐበሻም ጊታር መቺም ሆኖ፣ የሕግ ወሰን የት እንደሆነ ቆሞ አይለካም።

አንጋፋው በእነዚያ ዓመታት መጫወት አላቆሙም፤ ድምፁን የሚያፍኑበት መላ ፈለጉ እንጂ። መቆጣጠሪያዋን ዝቅ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ቃናው አብሮ ይሞታል፤ የሚቀረው ደረቅ ጊታር ነው። ስለዚህ ሣጥኗን ሰባት ቁጥር ላይ ትተው ፊቷን ወደ አልጋው አዞሩ። አልጋው ላይ የጥጥ ፍራሽ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከላይ ብርድ ልብስ ተጣለ። ጀርባዋ ብቻ እንዲተነፍስ ክፍት ተተወ፤ ቫልቭ ይግላልና ማፈን አደጋ አለው። በዚህ ሁኔታ ለዓመታት፣ ከአንድ ሜትር የማይርቅ ሰው ብቻ እንዲሰማው ሆኖ፣ ሙሉው ቃና በገዛ ክፍላቸው ውስጥ ነበረ። ሚስታቸው ቡና እያፈሉ ያዳምጡ ነበር። ጀበና ለሚለው ቃል ሁለቱም አገር አስተርጓሚ ስለማያስፈልገው፣ የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣ ቡና ነው የሚሸተው።

ከዚህ ልምድ የተገኘው ዕውቀት ቀላል መስሎ ብዙ ዓመት የፈጀ ነው። የመጀመሪያው ባሱን መቀነስ ነው። አዲስ ሰው ትንሽ ሣጥን ሲያይ ድምፅዋ ቀጭን እንዳይሆን ብሎ ባሱን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ውጤቱ ጭቃ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ጉልበት ይበላል፤ ያችን 5 ዋት ጨርሷት ለዜማው የሚተርፍ አይኖርም። አንጋፋው ሣጥኗን ከፍ ባደረጉ መጠን ባሱን ይቀንሳሉ፤ ድምፁ ሰባት ሲሆን ባሱ ሁለት ላይ ነው። ለጠፋው ወፍራም ድምፅ ማካካሻ የሚያገኙት ከክፍሉ ነው፤ ሣጥኗን ወደ ሁለት ግድግዳ ማዕዘን ሲያስጠጓት ግድግዳው ራሱ ባስ ይሆናል። ይህ ኤሌክትሪክ አይከፈልበትም።

ሁለተኛው፣ ሣጥኗን አንድ ጊዜ አስተካክሎ እርሷን መተውና በጊታሩ ላይ ባለው መቆጣጠሪያ መጫወት ነው። አምፕሊፋየሯ ሰባት ላይ፣ ጊታሩ አራት ላይ ሲሆን ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ዘፋኝ ማጀብ ይቻላል። ዘፋኙ ዝም ሲል የጊታሩ መቆጣጠሪያ በትንሿ ጣት ወደ ዘጠኝ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ይዘፍናል። በመካከሉ ያለው ሁሉ የጣት ኃይል ጉዳይ ነው። ከስልክ ካርድ የተቆረጠው መምቻ ሲለሰልስ ትለሰልሳለች፤ ሲጠነክር ትቆጣለች። ትልቅ ማጉያ ላይ ይህ ግንኙነት የለም፤ ወይም አለ፣ ግን ሰው ሲደነቁር ብቻ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው ድምፅ ማጉያው ነው፤ እዚህ ላይ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል። ተጨማሪ ዋት ከመግዛት የተሻለ ድምፅ ማጉያ መግዛት ይረክሳል። በተመሳሳይ ኃይል 6 ዲሲቤል የሚበልጥ ማጉያ ከተገኘ 5 ዋቱ እንደ 20 ዋት ይሰማል። አንጋፋው ባለ አሥራ ሁለት ኢንች አሮጌ ማጉያ በእንጨት ሣጥን አሠርተው አላቸው፤ አደባባይ ሲወጡ ገመዷን ወደ እርሱ ያዞሩታል። ሣጥኗ ለ4 ኦም የተሠራች ስለሆነች ሌላኛውም 4 ኦም እንዲሆን ይጠነቀቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን ያለ ድምፅ ማጉያ አንድም ጊዜ አያበሯትም፤ ጉልበቱ መሄጃ ሲያጣ የውስጡን ትራንስፎርመር ያቃጥለዋልና።

ስለ ቅኝት የሚሉት ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ነው። ሁለት ድምፆች በአንድነት ተመትተው በሞላ ቫልቭ ውስጥ ሲያልፉ፣ ቫልቩ የሁለቱን ልዩነት ሦስተኛ ድምፅ አድርጎ ይወልዳል። በሰከንድ 440 እና 660 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆች ቢመቱ 220 ይወለዳል፤ ይህም የ440 የታችኛው ኦክታቭ ስለሆነ ጆሮ ደስ ይለዋል፤ ከበሮ የጨመሩበት ይመስላል። በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ 440 እና 466 ቢመቱ ግን የሚወለደው 26 ነው፤ ይህ ድምፅ ሳይሆን ጉርምርምታ ነው። የሱዳን ዘፈን በአብዛኛው ግማሽ ድምፅ በሌለበት ባለ አምስት ድምፅ ስልት የሚሄድ ነው፤ የእኛ ዋናው ትዝታም እንዲሁ ነው። የመሐመድ ወርዲ ዜማ አዲስ አበባ፣ የጥላሁን ገሠሠ ዜማ ካርቱም እንደ አገር ልጅ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝምድና ነው። በእነዚህ ላይ ሣጥኗ እስከ ጫፉ ብትሞላ፣ ሁለት ክር አብሮ ቢመታ፣ ይጣፍጣል። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ በውስጣቸው አለ። በእነርሱ ላይ ሁለት ክር በሞላ ቫልቭ መምታት ዜማውን መግደል ነው። አንጋፋው አንቺሆዬ ሲጀምሩ የጊታሩን ድምፅ ይቀንሳሉ፤ አንድ በአንድም ይመታሉ። ክራር የሚደረድር ሰው ይህን ሁሉ ሳያሰላ ያውቀዋል፤ አንጋፋው ያወቁት በጆሮ ነው፤ ስሌቱን ያገኙት በኋላ፣ አንድ አሮጌ የራዲዮ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

መጽሐፍ ሲነሣ፣ አንድ ጊዜ አንድ የውጭ አገር መጽሔት እጃቸው ገብቶ ነበር። ኤሪክ ክላፕተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1970 ማያሚ ከተማ «ሌይላ» የሚለውን ሥራ ሲቀዳ ከእነዚህ ትንንሽ ቻምፖች መጠቀሙን ያነበቡት እዚያ ላይ ነው። ስሙም ከለይላና መጅኑን ታሪክ የተወሰደ መሆኑን ሲያውቁ ለጎረቤታቸው ለሱዳናዊው የቁርዓን መምህር ሄደው ነገሩ። መምህሩ ስለ አምፕሊፋየሩ ግድ አልነበራቸውም፤ ስለ ለይላ ግን እስከ ምሽት አወሩ።

ቃናውን ማውጣት ይህ ነው። መጠበቁ ሌላ ነው። ሣጥኗ የተሠራችው ለአሜሪካ 117 ቮልት ነው፤ የሱዳኑ 230 ነው። በመካከላቸው የቮልት ማውረጃ ትራንስፎርመር ይቀመጣል። የከተማው ኤሌክትሪክ ደክሞ ወደ 180 ሲወርድ ለሣጥኗ የሚደርሳት 90 ነው፤ ያን ጊዜ ቫልቮቹን የሚያግለው 6.3 ቮልት ከ5 በታች ይሆናል፤ ፍሙ ይደበዝዛል፤ ድምፅዋም እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይሆናል። መሬት የሚገባው ሽቦም ችግር አለው። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ እስኪሰነጠቅ ይደርቃል፤ የደረቀ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክ አይቀበልም። አንጋፋው በግቢያቸው የተከሉትን የብረት ዘንግ በየሳምንቱ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ያጠጡታል። ጎረቤት ልጆች ምን ዓይነት ተክል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሙቀቱ ራሱ ጠላት ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጧ ያሉት ካፓሲተሮች ይደርቃሉ፤ በ10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። እነርሱን ለመለወጥ ስትከፈት 350 ቮልት ገደማ፣ ገመዷ ከተነቀለም በኋላ፣ ውስጧ ተቀምጦ ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ አንጋፋው አስቀድመው ያንን ያፈስሳሉ፤ ሲሠሩም አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ኤሌክትሪክ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል እንዳያልፍ። ይህን የማያውቅ ሰው እንዲከፍታት አይፈቅዱም።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ነገር ግን ያስደስታቸዋል። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ገዳሪፍ የሚደርስ የከፍተኛ ኃይል መስመር አለ። እርሳቸው በእግር የመጡበትን መንገድ መብራቱ በሽቦ መጣ። ሣጥኗ ደህና ስታዜም «ዛሬ የአገር ቤቱ ነው» ይላሉ፤ ስትደክም ደግሞ ጥፋቱ የሌላ ነው።

ቫልቩ ሌላው ጭንቀት ነው። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጥላ ስለነበር ዕቃውን ማዘዝ የማይታሰብ ነበር። በነዚያ ዓመታት ሣጥኗን ያቆማት፣ በሩሲያ ፊደል 6ፒ6ኤስ የተጻፈበት፣ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ የመጣ የሶቪየት ቫልቭ ነው። የ6ቪ6 መንትያ ነው ማለት ይቻላል። የአሜሪካ ወታደር አምፕሊፋየር በሶቪየት ቫልቭ ጎንደሬ ሲጫወትባት፣ ቀዝቃዛው ጦርነት በገዳሪፍ በአንድ ሣጥን ውስጥ ታርቆ ነበር። ማዕቀቡ ከተነሣ በኋላ ሁለተኛ ቫልቭ፣ ይህኛው አዲስ 6ቪ6፣ በዘመድ እጅ መጣ። በጥጥ ተጠቅልሎ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀመጠ። አሮጌው እየደከመ መሆኑን አንጋፋው ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም አዲሱን አላወጡትም። ዕድሜያቸውንና የቫልቩን ዕድሜ እያነጻጸሩ፣ ለመጨረሻዎቹ ዓመታት ይሁን ብለው ነበር።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። በታኅሣሥ ወድ መደኒ ስትወድቅ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጥለቀለቀች። ከመጡት መካከል ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካርቱም የተወለደ አንድ ወጣት ጊታሪስት ነበር፤ ከካርቱም ወደ መደኒ፣ ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ ጊታሩን ብቻ በጀርባው አዝሎ የደረሰ። ማጉያዎቹና የእግር መርገጫዎቹ ሁሉ ካርቱም ቀርተዋል። ወሬ ሰምቶ ወደ አንጋፋው ቤት መጣና ሣጥኗን ሲያይ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ።

«ጋሼ፣ ይህቺ ለመድረክ ትሆናለች?»

«አትሆንም» አሉት። «ለመድረክ የሚሆነው ማይክራፎኑ ነው። አንተ ከእርሷ ጋር ተስማማ፤ ከመድረኩ ጋር ማይክራፎኑ ይስማማል።»

ወጣቱ መጀመሪያ ያደረገው ባሱን እስከ መጨረሻው መክፈት ነበር። አንጋፋው ምንም አላሉም፤ ጭቃውን ራሱ እስኪሰማው ጠበቁ። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ መጣ። ስለ ምሥራቅ ሱዳን እርሱም የሚያወራው ነበረው፤ በፖርት ሱዳን ኑሪ የተባለው የቤጃ ሙዚቀኛ የጊታርን አንገት ከአባቱ ጣምቡር ጋር አጋጥሞ «ታምቦ ጊታር» የሚባል መሣሪያ መሥራቱን፣ ሙዚቃውም እ.ኤ.አ. በ2022 በሸክላ ታትሞ ዓለም መስማቱን ነገራቸው። ጣምቡር የክራር ዘመድ ነው። አንጋፋው ከስልኩ ደጋግመው አዳመጡና «ይህ ሰው የማንንም ቃና አልተዋሰም» አሉ። ከዚያ ጊታሩን ከወጣቱ እጅ ወስደው ትንሽ ሞከሩት፤ አልመጣላቸውም፤ መለሱለት።

በዝናቡ ማብቂያ ላይ ከመደኒ የተፈናቀለ አንድ ቤተሰብ ልጁን ሊድር ተነሣ። ወጣቱ ለመጫወት ተጠራ፤ ከስደት ወዲህ የመጀመሪያው የሚከፈልበት ሥራው ነበር፤ እናቱና ሁለት እህቶቹ የሚጠብቁት ገንዘብ ነው። በዋዜማው ምሽት ሲለማመዱ የሣጥኗ ድምፅ ሳሳ፤ ተንጣጣች፤ ከዚያ ፍሟ እንደበራ ዝም አለች። ወጣቱ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ቀረ። ከሠርጉ ቤት መሣሪያ ይኖር እንደሆነ እንደሚጠይቅ፣ ካልሆነም በቀጥታ ከድምፅ ማቀላቀያው ጋር እንደሚሰካ ተናገረ። ድምፁ ግን ያመነበት አይመስልም ነበር።

አንጋፋው መልስ አልሰጡም። ገመዷን ነቀሉ፤ ቫልቩ እስኪበርድ ቡና ተጠጣ። ከዚያ የወተቱን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥን አወረዱ። እንዲህ ያለው ቫልቭ በቻምፕ ላይ ሲለወጥ ሌላ ማስተካከያ አይፈልግም፤ ነቅሎ መሰካት ነው። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ቆመው ጥጡ ሲፈታ አዩ፤ «እሱ አልነበረም ወይ የመጨረሻው?» አሉ። «ነው» አሉ አንጋፋው፤ እግሮቹን ከቀዳዳዎቹ ጋር እያስተያዩ።

በማግሥቱ ሣጥኗ ከሠርጉ ዳስ በስተጀርባ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማይክራፎኑ ከድምፅ ማጉያዋ ጨርቅ ሁለት ጣት ርቆ፣ ከመሐሉ ትንሽ ወደ ጎን ተደረገ፤ መሐሉ ይስላልና። ጄኔሬተሩ ዳስ ውስጥ ላሉት ትልልቅ ማጉያዎች ብቻ ተተወ፤ ለእርሷ ግን ከጎረቤት ቤት ገመድ ተዘረጋ። እንግዶቹ የሚያዩት መድረክ ላይ የቆመውን ወጣት ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፃዊው ዝም ሲል የወጣቱ ትንሿ ጣት የጊታሩን መቆጣጠሪያ ወደ ላይ ገፋችው፤ ከትልልቆቹ ማጉያዎች ውስጥ ያ ትንፋሽ የሚስበው ድምፅ ወጣ። የሴቶቹ እልልታ ከዳሱ ጥግ እስከ ጥግ ተቀባበለ።

አንጋፋው ከዳሱ ኋላ በበርጩማ ተቀምጠው መዳፋቸውን በቮልት ማውረጃው ላይ አሳርፈው ነበር፤ ሙቀቱ እንዳይበዛ።